ዳገቱ ሲያልቅ የሚቀጥል ጨዋታ

ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ የጎልደን ጌትን ድልድይ ወደ ሰሜን የተሻገረ ሰው የሚገባው ማሪን በሚባለው አውራጃ ውስጥ ነው። በምሥራቅ ባሕረ ሰላጤው፣ በምዕራብ ፓስፊክ ውቅያኖስ ያቀፉት ይህ አገር ሜዳ የሚባል ነገር እምብዛም የለውም፤ ኮረብታው ከኮረብታ ጋር እየተያያዘ ይሄድና ውቅያኖሱ ዳር ሲደርስ ገደል ሆኖ ይቆማል። መንገዶቹ ጠባብ፣ ጠመዝማዛ፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባቸው በመሆናቸው ለቸኮለ ባለ መኪና አይመቹም፤ ለብስክሌት ግን ከዚህ የተሻለ አገር እስከ ዛሬ አላየሁም።

እኔና ጓደኛዬ የምንኖረው ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ኦክላንድ ነው። ሰፈሮቻችን የሚራራቁት በመኪና የሩብ ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው፤ ሆኖም እሱ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነርስ፣ እኔ ደግሞ ቀን ቀን የምሠራ የሂሳብ ሠራተኛ በመሆናችን፣ እንደ አብዛኛው በውጭ እንደሚኖር የአገራችን ሰው የምንገናኘው በሠርግ፣ በክርስትናና በለቅሶ ቤት ነው። እዚያ ደግሞ ሰላምታው ገና ሳያልቅ ሌላ ሰው መሀል ይገባል። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ከተደረደሩት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ብንቀጣጠርም ሁለታችንም ሰዓታችንን እያየን ነው የምንቀመጠው። ብስክሌት የጀመርነው ለጤናችን ብለን ነበር፤ የቀጠልንበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። አብሮ መዋል የሚባለውን፣ አገር ቤት ሳለን እንደ ተራ ነገር የምንቆጥረውን ጸጋ መልሶ የሰጠን እሱ ነው። ባለፈው ግንቦት መጨረሻ፣ በአንድ ቅዳሜ የሄድንበትን መንገድ ለመጻፍ የተነሣሁትም የመሬት አቀማመጥ የሰውን ንግግር እንዴት እንደሚመራ በዚያ ቀን በግልጽ ስላየሁ ነው።

ገና ሲነጋ ብስክሌቶቻችንን ይዘን ባርት በሚባለው የከተማ ባቡር ተሳፈርንና ሳን ፍራንሲስኮ ወደብ አጠገብ ወረድን። ከዚያ የውኃውን ዳር ተከትለን ወደ ድልድዩ ሄድን። ቅዳሜና እሁድ ብስክሌተኞች የሚሻገሩት በምዕራቡ ጎን፣ ማለትም ውቅያኖሱን ፊት ለፊት በሚያየው መተላለፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ተመርቆ የተከፈተው ይህ ድልድይ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ ምሰሶዎቹ ከውኃው በላይ 227 ሜትር ከፍ ይላሉ፤ የዚያን ዕለት ጠዋት ግን የምሰሶዎቹ ጫፍ በጉም ተውጦ ስለነበር ገመዶቹ ከሰማይ የተንጠለጠሉ ይመስሉ ነበር። ጉሙ በዚህ ወቅት የአካባቢው ጌታ ነው። በባሕሩ ዳርቻ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውኃ ወደ ላይ ይወጣል፤ በላዩ የሚያልፈው እርጥብ አየር ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል፤ ከኋላ ያለው ሰፊ ሸለቆ በበጋው ፀሐይ ሲግል ደግሞ ያን ጉም በድልድዩ በኩል ወደ ውስጥ ይስበዋል። አገሬው ግንቦትና ሰኔ ላይ ሹራብ የሚደርበው ለዚህ ነው።

ድልድዩ መሀል ላይ ሳለን የጓደኛዬ ስልክ ጠራ። እናቱ ነበሩ። የካሊፎርኒያ ጠዋት የባሕር ዳር አመሻሽ ስለሆነ፣ ልጃቸው ከሥራ ወጥቶ ሳይተኛ ለማግኘት የሚደውሉት ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ነው። ብስክሌቶቻችንን ወደ ብረቱ አጥር አስጠግተን ቆምን። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ወድቀው ወገባቸውን ተጎድተው ነበር፤ በነፋሱ ውስጥ እየጮኸ «እማዬ፣ መድኃኒቱን ወሰድሽ?» ሲላቸው «ደህና ነኝ አልኩህ እኮ፣ አንተ ተኛ» የሚለው መልሳቸው እኔም ድረስ ተሰማኝ። ስልኩን ኪሱ ከትቶ መንገድ ስንቀጥል ምንም አላለም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ከድልድዩ ማዶ በስተግራ የሚታዩት ኮረብቶች ዛሬ ሣርና ቁጥቋጦ ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ግን እዚያ ላይ ማሪንሴሎ የተባለ፣ 30,000 ሰው የሚኖርበት ከተማ ሊቆረቆር ታቅዶ ነበር። የአካባቢው ሰዎች በፍርድ ቤት ተከራክረው ዕቅዱን አስቆሙት፤ መሬቱም እ.ኤ.አ. በ1972 በተቋቋመው የጎልደን ጌት ብሔራዊ የመዝናኛ ስፍራ ውስጥ ተጠቃለለ። ይህን የማነሣው ቀኑን ሙሉ በዓይናችን የጠጣነው ውበት የተፈጥሮ ሥራ ብቻ ሳይሆን የሰዎች ውሳኔ ጭምር መሆኑን ሳላነሣ ማለፍ ውለታ መርሳት ስለሚመስለኝ ነው። አንድ ሰው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ይህ መሬት አይነካም» ባይል ኖሮ እኛ የምንጋልበው በመኪና ማቆሚያዎች መካከል ነበር።

ሳውሳሊቶንና ሚል ቫሊን፣ ከዚያም ተከታትለው የሚመጡትን ትናንሽ ከተሞች በፍጥነት አለፍናቸው። ቆንጆ ቤቶችና የተከረከሙ አጥሮች ናቸው፤ ሌላ የምለው የለኝም። ፌርፋክስ ላይ ግን ቡና ለመጠጣት ቆምን፤ ምክንያቱም ይህች ትንሽ ከተማ ለብስክሌት ሰው እንደ መሳለሚያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የዚህ አካባቢ ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ብስክሌቶች ተራራው ላይ እያወጡ በድንጋያማው ቁልቁለት ይለቋቸው ነበር፤ የኋላ ፍሬኑ ከመጋሉ የተነሣ ውስጡ ያለው ቅባት ተቃጥሎ ይጨስ ነበር ይባላል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሸጠው የተራራ ብስክሌት አንዱ ዋና መነሻ ያ ቁልቁለት ነው። ጓደኛዬ ቡናውን ይዞ ስለ ብስክሌተኛው ገረመው ደንቦባ አነሣ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት እ.ኤ.አ. በ1956ቱ የሜልበርን ውድድር ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም እንደነበሩን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ከዚያ 60 ዓመት ቆይቶ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ሩጫው የአገሩን ስም ሁሉ ስለወሰደው የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ተገቢውን ቦታ አላገኘም ባይ ነኝ።

ከፌርፋክስ እንደወጣን መንገዱ ዋይትስ ሂል ወደሚባለው ዳገት ይዞራል። እስከዚያ ድረስ ጎን ለጎን እየሄድን ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ሥራ ስናወራ ነበር። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ጓደኛዬ ድንገት «እማዬን ላምጣት ወይስ እኔ ልሂድ፣ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ» አለ። ልመልስለት አፌን ስከፍት መንገዱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ማርሹን አቀለልን፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆንን፤ መኪናዎቹ በግራችን እያለፉ ጥጋችንን ይዘን ከመጋፋት በቀር ሌላ ማድረግ አልተቻለም። የሚሰማኝ የራሴ ትንፋሽና የካቴናው ድምፅ ብቻ ነበር።

ያን ጥያቄ ስልክ ላይ ቢጠይቀኝ ኖሮ ወዲያው «አምጣቸው እንጂ! ሕክምናው እዚህ፣ ልጃቸው እዚህ፣ ምን ያደርጋሉ እዚያ?» ብዬ መልስ እሰጠው ነበር። ሁላችንም እንዲህ ነን፤ የተቸገረ ሰው ፊት ዝም ማለት ነውር ስለሚመስለን ለጭንቀቱ ቶሎ መድኃኒት እንሰጣለን። ዳገቱ ግን አፌን ዘጋው። በዚያ ትንፋሽ በሚያሳጥር ልፋት ውስጥ የእናቱን ድምፅ፣ «አንተ ተኛ» ያሉትን፣ መልሼ መላልሼ አሰብኩት። የራሴንም እናት አሰብኩ። ጫፉ ላይ ደርሰን እግራችንን መሬት ስናስረግጥ ከአፌ የወጣው ምክር ሳይሆን «አንተስ ምን ትፈልጋለህ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ጓደኛዬ ሄልሜቱን አውልቆ ላቡን እየጠረገ ለረጅም ጊዜ አየኝ። «እሱን እኮ ማንም አልጠየቀኝም» አለ።

ከዳገቱ ማዶ አገሩ ሌላ ነው። ከተማው ቀርቶ የሳን ጄሮኒሞ ሸለቆ ይከፈታል፤ ከሸለቆውም በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ በፊት ተዘርግቶ የነበረው የባቡር ሐዲድ ተነሥቶ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ በሆነበት ቀጭን ጎዳና ወደ ሬድውድ ዛፎች ጫካ ይገባል። ሬድውድ በዓለም ላይ ካሉ ዛፎች ሁሉ ረጅሙ ዝርያ ነው። ግንዱ ሥር ቀዝቃዛና ጨለም ያለ ነው፤ የረገፈው ቅጠል ምንጣፍ ሆኖ የጎማውን ድምፅ እንኳ ይውጠዋል፤ ከጎን ደግሞ ሳልሞን ዓሣ ከውቅያኖስ ተመልሶ እንቁላሉን የሚጥልበት ጅረት ይወርዳል። እዚያ ውስጥ ሰው በራሱ ጊዜ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጓደኛዬ ከአሥራ ምናምን ዓመት በፊት ከባሕር ዳር ሲወጣ እናቱ በር ላይ ቆመው እንዳላለቀሱ፣ ይልቁንም «ቶሎ በል፣ መኪናው እንዳያመልጥህ» ብለው እንዳጣደፉት የነገረኝ እዚያ ነው። ያን ጊዜ ያስቀየመው ነገር ለምን እንደተደረገ የገባው የሌሎች ሰዎች ልጆች ከሆስፒታል አልጋ አጠገብ ለመሄድ ሲያቅታቸው ካየ በኋላ መሆኑንም ነገረኝ።

ፖይንት ሬይስ ስቴሽን ስንደርስ እኩለ ቀን ሆኖ ነበር። አንድ ዋና መንገድ ያላት፣ የከብት አርቢዎች ከተማ ናት። ዳቦ ቤቱ በር ላይ የብስክሌተኞች ሰልፍ ነበር፤ እኛ ግን ጓደኛዬ በዘይት፣ በጨውና በጥቂት በርበሬ ለውሶ በወረቀት የጠቀለለውን የበሶ ጭብጦ አውጥተን ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ገበያ ላይ ያለውን የስፖርተኛ ጣፋጭ ሁሉ ሞክሬያለሁ፤ ለረጅም መንገድ እንደ በሶ ያለ ስንቅ የለም። ሆድ አይከብድም፣ ቶሎም አያልቅም።

በዙሪያው ያሉት ኮረብቶች የላይኛው ትከሻቸው ቢጫ መሆን ጀምሮ ነበር፤ እርጥበት የያዙት እጥፋቶቻቸው ግን ገና አረንጓዴ ናቸው። እዚህ ዝናቡ ከኅዳር እስከ መጋቢት ስለሚጥል፣ የእኛ አገር መሬት በኅዳር የሚለብሰውን የመኸር ቀለም እነዚህ ኮረብቶች በግንቦት ይለብሱታል። በላያቸው ላይ ላሞች እንጂ ቤቶች አለመታየታቸውም ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እዚህ ድረስ ሰፊ አውራ ጎዳና ለማምጣትና ትልቅ ከተማ ለመገንባት ሐሳብ ነበር። በ1962 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የፖይንት ሬይስ ብሔራዊ ዳርቻ የተባለውን ጥብቅ ስፍራ ያቋቋመውን ሕግ ፈረሙ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የአውራጃው አስተዳደር የእርሻው መሬት በ60 ኤከር ከአንድ ቤት በላይ እንዳይሠራበት ደነገገ። በ1980 ኤለን ስትራውስ የተባሉ የወተት ከብት አርቢና ፊሊስ ፌበር የተባሉ የሥነ ሕይወት ባለሙያ ገበሬው መሬቱን ለቤት ሠሪ ሳይሸጥ የሚኖርበትን መንገድ ለማበጀት የማሪን የእርሻ መሬት ባለአደራ ድርጅትን መሠረቱ። ሁሉም ነገር ግን አልሰመረም፤ በ2025 መጀመሪያ በተደረሰ ስምምነት መሠረት ብሔራዊ ዳርቻው ውስጥ የነበሩት አብዛኞቹ አርቢዎች እንዲለቁ ተወስኗል። ለዱር እንስሳቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ከአያት ከቅድመ አያታቸው የወረሱትን ግቢ ትተው የሚወጡትን ቤተሰቦች ሳስብ ግን ነገሩ ቀላል አይሆንልኝም።

ከፖይንት ሬይስ ስቴሽን ወደ ደቡብ የሚወስደው ቁጥር 1 መንገድ የሚሄደው በምድር ስንጥቅ ላይ ነው። ሳን አንድሪያስ የሚባለው ስንጥቅ በሸለቆው መሀል ያልፋል፤ በስተቀኝ ያለው ተራራ የፓስፊክ ሰሌዳ የሚባለው ግዙፍ የምድር ቅርፊት ክፍል፣ በስተግራ ያለው የሰሜን አሜሪካ ሰሌዳ ነው። እኛ የስምጥ ሸለቆ ልጆች መሬት ሲለያይ እናውቃለን፤ እዚህ ግን ሁለቱ መሬቶች ጎን ለጎን እየተፋተጉ ይንሸራተታሉ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 1906 ሳን ፍራንሲስኮን ያወደመው መንቀጥቀጥ ሲነሣ፣ ኦሌማ የምትባለው መንደር አካባቢ መሬቱ በአንድ ቅጽበት እስከ 6 ሜትር ገደማ ተንሸራቷል፤ ፖይንት ሬይስ ስቴሽን ላይ ለጉዞ የተዘጋጀ ባቡርም በጎኑ ወድቋል። ዛሬ ከላይ ለሚያይ ሰው ሣር፣ አጥርና ጸጥ ያለ ሸለቆ ብቻ ነው።

ኦሌማን እንዳለፍን የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ጓደኛዬ እኔን ገለል አድርጎ ሥራውን ያዘው። ጎማውን ከቸርኬው አላቀቀ፣ ከመነዳሪውን ሳበ፤ ከዚያም ዓይኑን ጨፍኖ በጣቶቹ ጫፍ የጎማውን ውስጥ ቀስ እያለ ዳሰሰ። ግማሽ ዙር ያህል ሄዶ ቆመና፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሰች የጠርሙስ ስባሪ በጥፍሩ ነቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ይህን የተማረው ባሕር ዳር ነው፤ ልጅ ሆኖ በሰዓት የሚከራይ ብስክሌት ሠፈር ውስጥ ስለነበር፣ ለኪራይ የሚሆን ገንዘብ ሲያጣ ባለቤቱ ዘንድ ከመነዳሪ በውኃ ሳፋ ውስጥ እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልግ፣ በማስቲሽ ይለጥፍ ነበር። እጁ ሥራ ላይ ስለነበር ይመስለኛል፣ ቀኑን ሙሉ ሲዞረው የዋለውን ነገር ቀና ሳይል ተናገረው። «አልመጣም ነው የምትለው። ማኅበሬን ለማን ትቼ፣ ዕድሬንስ፣ ትለኛለች። እኔ ደግሞ እዚህ ሌሊቱን ሙሉ የሰው እናት ስደግፍ፣ ሳገላብጥ አድራለሁ፤ የራሴን እናት ደግፋ የምታስነሣት የጎረቤት ልጅ ናት።» መንፊያውን ይዤ ጎማውን እየነፋሁ አዳመጥኩት። የምመልሰው አልነበረኝም፤ መልስም አልጠበቀም።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በዚያ ቀን ከሁሉ የወደድኩት ነው። ወጣ ገባ ይላል እንጂ አያደክምም፤ መኪናው ጥቂት ነው፤ ወደ ቦሊናስ ሐይቅ ስንጠጋ ደግሞ መንገዱ በባሕር ዛፍ መካከል ያልፋል። ባሕር ዛፍ ለካሊፎርኒያም እንደ እኛው ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ነው። ልጡ ተልጦ አስፋልቱ ላይ ተበትኗል፤ ጎማው ሲረግጠው ይንኮሻኮሻል፤ ጉሙ ያረጠበው ቅጠል ሽታ እኔን እንጦጦ፣ እሱን ደግሞ የእናቱ ግቢ አደረሰን። ሁለታችንም ፍጥነታችንን ቀነስን። ከዛፎቹ እንደወጣን በስተቀኝ የባሕሩ ውኃ ወደ ውስጥ ገብቶ የሠራው ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ተዘረጋ፤ ነጫጭ ሳቢሳዎች ጭቃው ላይ አንድ እግራቸውን አንሥተው ቆመዋል፤ አሸዋው ላይ የባሕር አቆስጣዎች ተጋድመዋል።

ከስቲንሰን ዳርቻ ወደ ቤት የሚመልሰው መንገድ ግን ዕረፍት የለውም። ቁጥር 1 መንገድ በገደሉ አፋፍ ላይ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ በቀኝ እጃችን ያለው ገደሉ ብቻ ነው፤ ከታች ማዕበሉ ከድንጋዩ ጋር ይላተማል። ዝናቡ ሲበረታ አፈሩ እየተናደ ይህን መንገድ በተደጋጋሚ እንደሚዘጋው ከጥገናዎቹ ጠባሳ መረዳት ይቻላል። እንደገና ጨዋታችን ተቋረጠ፤ እንደገና እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆንን። ጉሙ ከእኛ በታች ስለነበር የምንወጣው በፀሐይ ውስጥ ነው። ሙር ዳርቻን ቁልቁል የሚያየው መመልከቻ ላይ ስንደርስ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደሮች የጠላት መርከብ ይጠብቁባቸው ከነበሩት የኮንክሪት ጉድጓዶች አጠገብ ቆምን።

ጓደኛዬ ውኃ ጠጣ። ዳገቱን ሲወጣ በልቡ ሲያብላላው እንደነበር ያስታውቅበታል፤ ቃሉ ያለቀለት ነበር። «ጥር ላይ እሄዳለሁ» አለ። «ላመጣት አይደለም። ሦስት ወር ፈቃድ ያለ ደመወዝ ጠይቄ አብሬያት እቀመጣለሁ። ጥምቀትን ከእሷ ጋር አሳልፋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን እዚያው ሆነን አብረን እንወስናለን። እስከ ዛሬ እኮ ስለ እሷ ስወስን የኖርኩት ያለ እሷ ነው።» ደስታ ይሁን ኀዘን ያልለየሁት ነገር ጉሮሮዬን ያዘኝ። አገሩ ሰላም ይሆን፣ ሥራውስ ይጠብቀው ይሆን፣ የሚሉት ሥጋቶች ነበሩብኝ፤ እሱም እንደሚያውቃቸው ስለማውቅ አላነሣኋቸውም።

የቀረው መንገድ ወደ ሙር ዳርቻ ቁልቁል፣ ከዚያ አንድ የመጨረሻ ዳገት፣ ከዚያ ሳውሳሊቶና ድልድዩ ነበር። ወደ 120 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ሄደን እግራችን ዝሎ ነበር፤ ድልድዩ ላይ ነፋሱ ከጎን እየገፋን ስለነበር መነጋገር አልተቻለም። ባቡሩ ውስጥ ብስክሌቶቹን አስደግፈን ስንቀመጥ ግን ጓደኛዬ ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ ያለውን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ መተረክ ጀመረ፤ ልጅ ሆኖ በኪራይ ብስክሌት ለመሄድ አስቦ ሰዓቱ እንዳያልፍበት ከግማሽ መንገድ የተመለሰበትን። መንገዱ ሰላም ከሆነ በጥር እስከ ፏፏቴው ሊዘልቀው ይፈልጋል። «አንተም ብትመጣ እማዬ ደስ ይላታል፤ ብስክሌት አናጣም» አለኝ። ሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ፣ ኮምፒውተሩን ከፍቼ በመጀመሪያ ያየሁት የቀረኝን የዓመት ፈቃድ ነው።